ከጎን ለተቀመጠ አድማጭ የፊልም ንግግር ለምን ይደበዝዛል? በቤት ውስጥ ሲኒማ የማዕከላዊ ድምፅ ማጉያ ምርጫና አቀማመጥ

በቤታቸው ፊልም የሚመለከቱ ሰዎች ከሚያሰሟቸው ቅሬታዎች አንዱ፣ ሙዚቃውና ፍንዳታው ቤቱን እያናወጠ የተዋናዮቹ ንግግር ግን አይለይም የሚል ነው። ንግግር ሲመጣ ድምፅ መጨመር፣ ተኩስ ሲጀመር መቀነስ የአንድ ሰው የምሽት ሥራ ይሆናል። ለችግሩ የፊልሙ የድምፅ ቅንብር ራሱ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል፤ በዚህ ረገድ ተመልካቹ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ባለ 5.1 ቻናል በሆነ ሥርዓት የፊልም ንግግር በአመዛኙ የሚወጣው ከአንድ ሥፍራ፣ ይኸውም ከማዕከላዊው ድምፅ ማጉያ ነው። በመሆኑም የዚህ መሣሪያ አሠራርና አቀማመጥ ንግግሩ መለየት አለመለየቱን በከፍተኛ ደረጃ ይወስናል። በዚህ ጽሑፍ በተለይ የሚመረመረው፣ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውና በአግድም የሚተኛው ባለ ሁለት ዎፈር ማዕከላዊ ድምፅ ማጉያ ከክፍሉ መሐል ውጭ ለሚቀመጡ አድማጮች የሚፈጥረው እንከን ነው።

ማዕከላዊ ቻናል ለምን አስፈለገ?

ግራና ቀኝ በተቀመጡ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ተመሳሳይ ድምፅ ቢለቀቅ፣ በትክክል መሐል የተቀመጠ ሰው ድምፁ ከፊት ለፊቱ፣ ምንም መሣሪያ ከሌለበት ቦታ የሚመጣ ይመስለዋል። ይህ ምናባዊ ማዕከል የስቴሪዮ ትልቁ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን የሚያገለግለው ለአንድ መቀመጫ ብቻ ነው። ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች በ2.4 ሜትር ተራርቀው፣ አድማጩ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ከመሐል 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ቢጠጋ፣ የቀኙ ድምፅ ከግራው በ1.3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይደርሰዋል። ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ የምንጩ አቅጣጫ አድርጎ ስለሚወስድ፣ በምስሉ መሐል የቆመው ተዋናይ ከቀኙ ሣጥን ውስጥ የሚናገር ይመስላል። መሐል ለተቀመጠውም ቢሆን ምናባዊው ማዕከል እንከን የለሽ አይደለም። የግራው ድምፅ ማጉያ ሞገድ ራስን ዞሮ ቀኝ ጆሮ ላይ ሲደርስ፣ ከቀኙ በሩብ ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ፣ ሁለቱ በ2 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ በከፊል ይጣፋሉ። ይህ ድግግሞሽ ለንግግር መለየት ወሳኝ ከሆኑት አንዱ ነው።

የድምፅ መሐንዲሶች ይህን የተረዱት ቀደም ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የቤል ላቦራቶሪዎች በፊላደልፊያ የሚጫወተውን ኦርኬስትራ በስልክ መስመር ወደ ዋሽንግተን አስተላልፈው በአዳራሽ ለተሰበሰበ ሕዝብ ባሰሙበት ጊዜ፣ ሦስት ቻናሎችን፣ ማለትም ግራ፣ መሐልና ቀኝን ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1940 ለሕዝብ የቀረበው የዋልት ዲዝኒ ፋንታዚያ ፊልምም ከስክሪኑ ጀርባ ሦስት የድምፅ ቻናሎች ነበሩት። የሲኒማ ቤት ስክሪን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ በመሆኑ፣ ማዕከላዊው ድምፅ ማጉያ በቀጥታ ከምስሉ ጀርባ፣ ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ከፍታና በአንድ ዓይነት አሠራር ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የቤት ቴሌቪዥን ግን ድምፅ አያሳልፍም። ስለዚህ ማዕከላዊው ድምፅ ማጉያ ወደ ታች ወረደ፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ጠባብ ክፍተት ይገባ ዘንድም ተጋደመ። እንከኑ የሚጀምረው በዚህ መጋደም ነው። ውሳኔውን የወሰነው የዕቃ ማስቀመጫው ቁመት እንጂ የድምፅ ሳይንስ አልነበረም።

የሁለት ዎፈሮች ሽሚያ

የተለመደው አሠራር ቀላል ነው፤ በረዥም ሣጥን መሐል ከፍተኛ ድግግሞሽን የሚያወጣ አንድ ትዊተር፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ የሚያወጡ ሁለት ዎፈሮች ይገኛሉ። ይህ ቅርጽ በራሱ መጥፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጆሴፍ ዳፖሊቶ ያስተዋወቀው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ታስቦ ነበር። ሲቆም፣ በግራም ሆነ በቀኝ የተቀመጠ አድማጭ ከሁለቱ ዎፈሮች እኩል ይርቃል፤ ድምፃቸውም ተደምሮ ይደርሰዋል። ሞገዶቹ የሚጣፉት ወደ ጣሪያውና ወደ ወለሉ አቅጣጫ ነው፤ በዚያ ደግሞ የሚቀመጥ ሰው የለም። ሣጥኑ ሲጋደም ግን የመጣፊያው አቅጣጫም አብሮ ይዞራል፤ መቀመጫዎቹ ወዳሉበት።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። በሁለቱ ዎፈሮች ማዕከል መካከል ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና አድማጩ ከመሐል መስመር በ20 ዲግሪ ቢርቅ፣ ከአንዱ ዎፈር የሚመጣው ድምፅ ከሌላው በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል የረዘመ መንገድ ይጓዛል። ይህ ልዩነት ከሞገድ ርዝመት ግማሽ ጋር እኩል በሚሆንበት ድግግሞሽ አንዱ ዎፈር አየሩን ሲገፋ የሌላው ሞገድ ይስባል፤ ሁለቱም ይጣፋሉ። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ሆኖ ሲሰላ፣ ነጥቡ ወደ 1,670 ሄርዝ ገደማ ላይ ያርፋል። በ30 ዲግሪ ወደ 1,140 ሄርዝ፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ ወደ 810 ሄርዝ ይወርዳል። ዎፈሮቹ ሥራቸውን ለትዊተሩ የሚያስረክቡት በ2,500 ሄርዝ አካባቢ ከሆነ፣ እነዚህ ነጥቦች ሁሉ የሚወድቁት ሁለቱ ዎፈሮች ብቻቸውን በሚሠሩበት ክልል ውስጥ ነው። ጉድለቱ በአንድ ነጥብ ብቻ የተወሰነ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሰፊ ክልል ይዞ የሚወርድ ሸለቆ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ተገቢ ነው። ከግድግዳና ከጣሪያ ተንጸባርቆ የሚመጣው ድምፅ ሸለቆውን በከፊል ስለሚሞላው፣ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ጉድለት ነጸብራቅ በሌለበት የሙከራ ክፍል ከሚለካው የለዘበ ነው። ሆኖም የሚሞላው ዘግይቶ በደረሰ፣ ጥራቱ በወረደ ድምፅ ነው። በብሎኬት ግድግዳና በሴራሚክ ወለል በተሠራ ክፍል ደግሞ ይህ የዘገየ ድምፅ ሲበዛ፣ ንግግሩ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ከ800 እስከ 2,500 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ የአናባቢዎች መለያ የሆነው ሁለተኛው የድምፅ ጉልህ በአብዛኛው ይገኛል። ለአማርኛ አድማጭ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። «ከበረ» እና «ቀበረ» የሚሉትን ቃላት የሚለያቸው የመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው። ሁለቱም ተነባቢዎች የሚፈጠሩት በላንቃ የኋለኛ ክፍል፣ በአንድ ሥፍራ ነው፤ የሚለያዩት አየሩ በሚለቀቅበት አኳኋን ነው። «ቀ» እንደ ሌሎቹ ፈንጂ ድምፆች በማንቁርት ከታፈነ አየር የሚወጣ ሲሆን፣ ልዩነቱ በአጭር ፍንዳታውና ከፍንዳታው በኋላ ባለችው ቅጽበታዊ ዝምታ ይታወቃል። የእንዲህ ዓይነት ተነባቢዎች ፍንዳታ ኃይል እንደ ተከታዩ አናባቢ ቢለያይም፣ በብዛት የሚያርፈው በመካከለኛው የድግግሞሽ ክልል ነው። ሸለቆው እዚህ ሲወድቅና የክፍሉ ነጸብራቅ ዝምታይቱን ሲሞላት፣ አድማጩ ቃሉን ከጆሮው ሳይሆን ከዐውዱ ለመገመት ይገደዳል። ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ጎልማሳ ይህን ሳያስተውለው ያደርገዋል። በዕድሜ ምክንያት የከፍተኛ ድግግሞሽ መስማት የቀነሰባቸው አዛውንት ግን የሚተማመኑት በዚሁ መካከለኛ ክልል ላይ በመሆኑ ጉዳቱ ይብስባቸዋል። ልጆቻቸው «ይሰማል እኮ» ሲሏቸው፣ ምናልባት ልጆቹ የተቀመጡት መሐል ላይ ይሆናል።

የመቀመጫ አደራደር ጉዳይ

የዘርፉ መመሪያዎች በአመዛኙ የሚታሰቡት አንድ ረዥም ሶፋ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት በተቀመጠበት ክፍል ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ሳሎኖች ግን ሶፋዎች ሦስቱን ግድግዳዎች ተከትለው ይደረደራሉ፤ ቴሌቪዥኑ አራተኛውን ግድግዳ ይይዛል። እንግዳ ፊት ለፊት ተያይቶ እንዲጫወት የተደረገ አደራደር ነው፤ ለማኅበራዊ ኑሮ የሚመች፣ ለተጋደመ ማዕከላዊ ድምፅ ማጉያ ግን የማይመች። በጎን ሶፋ የተቀመጠ ሰው ከመሐል መስመር 40 ወይም 45 ዲግሪ መራቁ እንግዳ ነገር አይደለም። ከላይ በተሰላው መሠረት ይህ ሰው የሚያጣው ከ810 ሄርዝ ዙሪያ ጀምሮ ያለውን የንግግር አካል ነው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ክፍል «የትኛው ድምፅ ማጉያ ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «እነማን የት ይቀመጣሉ?» የሚለው ሊመለስ ይገባል።

ብቻውን መሐል ተቀምጦ የሚያይ ሰው ማዕከላዊ ድምፅ ማጉያ ባይገዛም ብዙ አይጎዳም። ሪሲቨሩ ማዕከላዊ ድምፅ ማጉያ እንደሌለ ከተነገረው የዚያን ቻናል ድምፅ ለግራና ለቀኝ ያካፍላል። ጥሩ ጥንድ ድምፅ ማጉያ ያለው ሰው ከእርሱ ያነሰ ርካሽ ማዕከላዊ ከሚጨምርበት ይልቅ እንዲሁ ቢተወው ይመረጣል።

ለብዙ አድማጭ የሚሆኑት አሠራሮች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ባለ ሦስት መንገድ ሲሆን፣ በሣጥኑ መሐል ትዊተሩ ከአነስተኛ ሚድሬንጅ በላይ ይቀመጣል፤ የጎን ዎፈሮቹ ከ400 ወይም ከ500 ሄርዝ በላይ ሥራቸውን ያቆማሉ። ዎፈሮቹ በ40 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ እንኳ በ30 ዲግሪ የሚጣፉት በ860 ሄርዝ ገደማ በመሆኑ፣ እዚያ ሳይደርሱ ለሚድሬንጁ አስረክበዋል። ሁለተኛው ትዊተሩ በዎፈሩ እምብርት የሚቀመጥበት ባለ አንድ ማዕከል አሠራር ነው፤ የእንግሊዙ ኬኢኤፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ካስተዋወቀው ወዲህ በስፋት ይታወቃል። ድምፁ ከአንድ ነጥብ ስለሚወጣ መጋደምም ሆነ መቆም ለውጥ አያመጣም፤ እርግጥ በጎኑ ሌሎች ዎፈሮች ከተጨመሩበት የእነርሱም ማቆሚያ ድግግሞሽ መታየት አለበት። ሦስተኛውና ርካሹ መፍትሔ ከግራና ከቀኙ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሦስተኛ ትንሽ የመደርደሪያ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ አቁሞ ማስቀመጥ ነው። ቴሌቪዥኑን በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ሊጠይቅ ይችላል፤ ብዙ ሰው የማይመርጠው በዚህ ምክንያት ይመስላል። የቃና አንድነት ግን ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ተዋናዩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር ድምፁ መሐል ላይ የሌላ ሰው አይመስልም።

ማስቀመጥና ማስተካከል

ከቴሌቪዥን በታች የተቀመጠ ድምፅ ማጉያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጣጥረው የተመልካቹን ጉልበት ነው። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 105 ሳንቲ ሜትር፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆኑ፣ በ3 ሜትር ርቀት የሚያስፈልገው ወደ ላይ የማዘንበል መጠን 11 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፊት በኩል ሥሩ የሚገባ የላስቲክ ወይም የእንጨት ሽብልቅ ይበቃል። ምንጩ ከምስሉ በታች መሆኑ ራሱ ያን ያህል አያሳስብም፤ ጆሮ የከፍታን ልዩነት የሚለየው የግራና ቀኝን ያህል አጥርቶ አይደለም፤ ዓይንም ድምፁን ወደሚንቀሳቀሰው አፍ ይስበዋል።

ቡፌ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሣጥኑ ፊት ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር መስተካከል ወይም በትንሹ ወጣ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ ከተገፋ፣ ከፊቱ የቀረው እንጨት ድምፁን እያንጸባረቀ ያበላሸዋል፤ በዙሪያው ያለው ባዶ ክፍተትም የወንድ ድምፅን ያጎለብተውና ያጉረመርመዋል። ከኋላው የአየር ቀዳዳ ያለው ሣጥን በተዘጋ ቡፌ ውስጥ በፍጹም አይመከርም። ከላይ የሚለበስ ዳንቴል እንደ አሠራሩ ነው፤ ክፍት ክፍቱ የበዛው እምብዛም አይጎዳም፣ ጥቅጥቅ ያለው ግን ከትዊተሩ ፊት መነሣት ይኖርበታል።

በሪሲቨሩ ላይ የእያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ ርቀት በትክክል መሞላት አለበት፤ የ1 ሜትር ስሕተት ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ የሚጠጋ መዛነፍ ይፈጥራል። ሳብዎፈር ካለ ማዕከላዊው ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን እንዲተው ማድረግ የተለመደ ነው፤ የወንድ ንግግር መሠረታዊ ድግግሞሽ በአብዛኛው ከዚህ በላይ ስለሆነ የሚቀርበት ነገር የለም። የማዕከላዊውን መጠን በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ማድረግም ይረዳል፤ ነገር ግን ለጎን አድማጭ የጎደለውን ክልል አይመልስም፤ የቀረውን ብቻ ያጮኸዋል።

ከመግዛት በፊትም ሆነ በኋላ ማንም ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ አለ። ከድምፅ ማጉያዎቹ ማዕከላዊው ብቻ ሲቀር ሌሎቹን ማጥፋት፣ ያለ ሙዚቃ የሚነበብ ዜና መክፈት፣ ከዚያም ድምፁን ሳይነኩ ከመሐሉ መቀመጫ ተነሥቶ በዝግታ እስከ ጎን ሶፋው ድረስ መራመድ ነው። የአንባቢዋ ድምፅ በመንገድ ላይ ቃናውን ከቀየረ፣ ከሳሳ ወይም ግድግዳ ጀርባ የገባ ከመሰለ፣ ዎፈሮቹ እየተሻሙ ነው። ሻጩ እንዲህ ዓይነት ሙከራ የማይፈቅድ ከሆነ፣ የሣጥኑን የፊት መረብ አንሥቶ ማየት ብቻ እንኳ ብዙ ይናገራል፤ በሁለቱ ዎፈሮች መካከል ያለው ትዊተር ብቻውን ነው ወይስ ከሥሩ ሚድሬንጅ አለ?