ሥራ መያዝና ሠርቶ መተዳደር፦ የፋብሪካ ደመወዝ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራቸውን ቶሎ የሚለቁት «የሥራ ባህል» ስለሚጎድላቸው ነው የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን መልቀቁ በአብዛኛው ከገቢና ከወጪ ስሌት የሚመነጭ ነው የሚል ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ብያኔ መሠረት፣ ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ የአገሩን ሁኔታ ያገናዘበ፣ ሠራተኛውንና ቤተሰቡን በአግባቡ ሊያኖር የሚችልና በመደበኛ የሥራ ሰዓት የሚገኝ ክፍያ ነው። የመጨረሻው መስፈርት ልዩ ትኩረት ይሻል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የቤት ኪራይና ቀለብ የሚሸፈኑት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ብቻ ከሆነ፣ ደመወዙ በቂ ነው ሊባል አይችልም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጠቃሚ ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ በሚገኙ 5 ድርጅቶች ለመቀጠር ካመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎች መካከል ከፊሎቹ በዕጣ ሥራው፣ ከፊሎቹ ደግሞ 300 ዶላር ገደማና የንግድ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ተያዙ። ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመት ውስጥ ለቀቁ። የፋብሪካው ሥራ ብዙ ሰዓት ቢያሠራም፣ የሰዓት ክፍያው ዝቅተኛ ስለነበር ገቢያቸውን እምብዛም አላሳደገም፤ ጤናቸውንም የጎዳ ይመስላል። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ግን ገቢያቸው በ33 በመቶ ጨመረ። ይሁንና ከ5 ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ስለሆነም የመነሻ ገንዘብም ብቻውን ዘላቂ መተዳደሪያ አይሆንም።

ደመወዝ ሲጨምር ባለሀብት ይሸሻል የሚለው ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም በየወሩ አዲስ ሠራተኛ መመልመልና ማሠልጠንም ወጪ ነው፤ ይህ ወጪ ሳይታሰብ የርካሽ ጉልበት ጥቅም በትክክል አይለካም።

ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ፣ መንግሥት፣ ሠራተኞችና ሌሎች ባለድርሻዎች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ዝቅተኛውን የደመወዝ መጠን በጥናት ላይ ተመሥርቶ በየጊዜው እንደሚከልስ ይደነግጋል። ይህ ጥናት ከኢኮኖሚ ዕድገትና ከሥራ ገበያ ባሻገር በየከተማው ያለውን የኪራይ፣ የቀለብና የትራንስፖርት ወጪ በመደበኛ ሰዓት ከሚገኘው ገቢ ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል። የተቀጣሪውን ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት፣ ከተቀጠሩት ስንቱ በደመወዙ እንደሚተዳደር አይነግረንም።