ባለገንቦው ተክልና የጎረቤላ ሌሊት

ዕውቀት የሌለው ፍቅር እንደሚገድል የተማርነው ከአንድ ተክል ነው።

ተክሉ በሳይንስ ስሙ ኔፔንቴስ ይባላል። የቅጠሉ ጫፍ እንደ ሐረግ ወርዶ ክዳን ያላት ትንሽ ገንቦ ስለሚሆን፣ እኛ ባለገንቦ ብለነዋል። የገንቦዋ አፍ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ዝንብም ያን ልትልስ መጥታ ከሚያዳልጠው ከንፈር ተንሸራታ ከውስጥ ካለው ውሃ ትወድቃለች፤ በዚያም ለተክሉ ምግብ ትሆናለች። የገንቦዋ ውሃ ሥጋን እንደሚፈጭ እንግሊዛዊው የዕፀዋት ሊቅ ጆሴፍ ሁከር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 በሙከራ አስረድቶአል። በሀገራችን ረግረጎችም ድሮሴራና ኡትሪኩላሪያ የተባሉ ነፍሳት በል ዕፀዋት አሉ፤ ባለገንቦው ግን የማዳጋስካር፣ የቦርኔዮና የመሰሉት አገሮች ተወላጅ ነው።

አንድ ወዳጃችን ከባሕር ማዶ ችግኙን ቢያመጣልን፣ አንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ይዘነው ሄድን። «እንግዳ ነውና አይራብ» ብለን ፍግ በጠገበ ጥቁር አፈር ተከልነው፤ የጉድጓድ ውሃም አጠጣነው። ወር ሳይሞላው ገንቦዎቹ ደረቁ፤ ቅጠሉም ጠቈረ።

ኋላ መጽሐፍ ብንመረምር ጥፋቱ የራሳችን ሆኖ ተገኘ። ባለገንቦው ዝንብ ማጥመድን የለመደው የትውልድ መሬቱ ናይትሮጅን ያነሰው ድኻ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ሥሩ ፍግም ማዳበሪያም አይችልም። የሚስማማው ሻካራ አሸዋ የተቀላቀለበት የኮኮናት ቃጫ፣ የዝናብ ውሃና እርጥብ አየር ነው።

ሁለተኛውን ስሕተታችንን የነገሩን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። የደረቀውን ችግኝ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ቆለኛ ነው ደገኛ? ማሽላን ጎረቤላ የሚዘራ ማን አለ?» አሉን። እውነታቸውን ነበር። የእኛ ችግኝ ቆለኛ ስለነበረ ቀን 30 ዲግሪ ያህል ሙቀት፣ ሌሊትም ከ20 የማያንስ ከነወበቁ ይሻል። እንዲህ ያለ ወበቅ በክረምት ጋምቤላ ይገኛል። ከጎረቤላ ቁልቁል የሚታየው የአፋር ቆላ ሙቀቱ ቢኖረውም እርጥበቱ የለውም፤ ጎረቤላ ደግሞ ጭጋጉ ቢኖራትም ሌሊቷ ብርድ ነው።

ይሁን እንጂ ከባለገንቦዎች መካከል ደገኞችም አሉ። በቦርኔዮ ኪናባሉ ተራራ ራጃ የተባለው ዘር ከ1,500 እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ይበቅላል፤ ቀዝቃዛ ሌሊትም ይስማማዋል። እንግዲህ በአንኮበር ጭጋግ ዕድሉን የሚሞክር ሰው ደገኛውን ዘር ይምረጥ፤ ከውርጭም ይጠብቀው።

ነገ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደማያውቀው ወረዳ የሚላክ ወጣትም፣ በቅን ልቡ ፍግ ከማፍሰሱ አስቀድሞ የሽማግሌውን ጥያቄ ይጠይቅ፦ ቆለኛ ነው ደገኛ?