ቴስተሩ ሲበራ፦ የመጀመሪያ ዓመት የሃንደሳይ ተማሪ ከሥራ ቦታ

የዛሬው ክፍል ስለ ራሴ ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ ልጃችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ «ሃንደሳይ ልሆን ነው» ሲላችሁ ግራ እንደሚገባችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኔ ያለሁበትን ላስረዳ።

አባቴን ያምታታው ቃሉ ነው። በአማርኛ መሐንዲስ እንላለን፣ በዕብራይስጥም መሃንዴስ ነው፣ ያው አንድ ቃል ማለት ይቻላል። ታዲያ «ሃንደሳይ» ስለው ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ መሐንዲስ ሊሆን ነው» ብሎ አወራ። አይደለም! መሐንዲስ አራት ዓመት ተምሮ ዲግሪ የሚይዘው ነው። ሃንደሳይ በመሐንዲሱና በቴክኒሻኑ መካከል ያለ ባለሙያ ነው፤ ቀን ለሚማር ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ የመንግሥት ፈተናና የመጨረሻ ፕሮጀክት አለበት። እኔ የማታ ተማሪ ስለሆንኩ ይረዝምብኛል። ክፍያውን የጀመርኩት ከሠራዊት ስወጣ በተሰጠኝ ፒካዶን ነው። ቀን ቀን ከአንድ ኤሌክትሪሻን ሥር እሠራለሁ። በ1954 የወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ ፈቃድ የሌለውን ሰው ይከለክላል፣ እኔ ደግሞ ፈቃድ ገና የለኝም፤ ያለ እሱ አንድ ሶኬት እንኳ አልቀይርም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም የሚወራ የላቸውም። ግድግዳ መቦርቦር፣ ቱቦ መቅበር፣ ሽቦ መሳብ፣ መጨረሻ ላይ አቧራውን መጥረግ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ነው። ማታ ክፍል ገብቼ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ቀመር ሲጽፍ እኔ አንገቴ ይወድቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

አንድ ቀን አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ኩሽና እናድስ ነበር። አለቃዬ የአባቴ እኩያ ነው። ሉዋሕ ሐሽማሉን፣ ማለት ብሬከሮቹ ያሉበትን ሳጥን ከፈተና «ኩሽና» ተብሎ የተጻፈበትን አወረደ። «ጠፍቷል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ክፈትና ሽቦዎቹን ፍታ» አለኝ።

ትምህርት ቤት የነገሩን ሌላ ነው። ሽቦ ከመንካትህ በፊት ቴስተርህን ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቀው ሶኬት ላይ ትሞክራለህ። ከዚያ የምትሠራበትን ሽቦ ትፈትሻለህ። ከዚያ ተመልሰህ እንደገና ሶኬቱ ላይ። ለምን ሦስት ጊዜ? ባትሪው ያለቀ ቴስተርም አይበራም፣ ኤሌክትሪክ የሌለው ሽቦም ቴስተሩን አያበራም። ሁለቱ ለዓይን አንድ ናቸው።

ግን እኛ ቤት እንዴት ነው ያደግነው? ትልቅ ሰው «ጨርሻለሁ» ካለ ተነስቶ መፈተሽ ነውር ነው፣ ውሸታም ነህ እንደማለት ነው። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል የለም፣ አለቃዬንም በስሙ ነው የምጠራው፤ ሆዴ ግን አሁንም አንቱ ይላል። ቴስተሩን ይዤ ቆምኩ። «ያላ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ።

ሄጄ ኮሪደር ሶኬት ላይ ሞከርኩ፣ በራ። ሳጥኑ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሽቦዎች ነካሁ፣ አልበራም። ከኋላቸው ሌላ ጥንድ ነበር። እሱ በራ፣ 230 ቮልት።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ከዓመታት በፊት የሆነ ሰው የኮሪደሩን መብራት መስመር በዚያው ሳጥን አሳልፎታል፣ የሚመጣው ግን ከሌላ ብሬከር ነው። «ኩሽና» የሚለው ጽሑፍ እውነት ነበር፣ ግማሹ ብቻ።

አንዳንዶቻችሁ «ማምሴር ፓሃት የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ቤቱ ውስጥ ነበረ። ግን ያ መሣሪያ የሚያነጻጽረው በፋዛው የሄደውንና በኤፌሱ የተመለሰውን ነው፤ 30 ሚሊአምፔር ልዩነት ከተፈጠረ ያጠፋል። ኤሌክትሪኩ በሰውነትህ አልፎ ወደ መሬት ከፈሰሰ ያድንሃል። በአንድ እጅህ ፋዛ፣ በሌላው ኤፌስ ከያዝክ ግን የሄደው ሁሉ ይመለሳል፣ በደረትህ በኩል። መሣሪያው ጉድለት አያይም። እኔ ደግሞ ሁለት እጄን ነበር ሳጥኑ ውስጥ ላስገባ የነበረው።

አለቃዬ መጀመሪያ «ቴስተርህ ነው የሚዋሸው» አለ። የራሱን አምጥቶ ሞከረ። ዝም አለ። ሄዶ ዋናውን አወረደ። አላመሰገነኝም፤ እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ ብዙም አላናገረኝም። አሁን ሦስቴ ፈትሼ እስክጨርስ ይጠብቀኛል፣ አንዳንዴ እየተነፈሰ።

ቤት ገብቼ ስናገር እናቴ «ተወው ይሄን ሥራ» አለች። አባቴ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነው፦ «ሰውዬው ተቀየመህ?» «ትንሽ» አልኩት። አሰበና ወደ ቤታችን ብሬከር ሳጥን ወሰደኝ። በላዩ ያለው ጽሑፍ ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ በዕብራይስጥ የጻፈው ነው፣ አባቴ አንብቦት አያውቅም። አንድ በአንድ እያወረድን የቱ ክፍል እንደሚጠፋ እናቴ እየዞረች ትጮህልን ነበር። አባቴ በአማርኛ ጽፎ ለጠፈ። እናንተም ብትሞክሩት አይከፋም፤ ማውረድና ማንሣት ብቻ ግን፣ ክዳኑን እንዳትፈቱ! «ዱድ» የሚለው ያጠፋው የእህቴን መኝታ ቤት ነበር። አንዱ ደግሞ ምን እንደሚያጠፋ እስካሁን አላገኘነውም።