«ደራሽ» እና «ሙላት»፦ ለፍሰት ሳይንስ ቃላት ከቢቸናና ከሞጣ አነጋገር የተገኘ ጥቆማ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ውኃ ፍሰት የተዘጋጀ አንድ የትምህርት ጽሑፍ ወደ አማርኛ ተመልሶ ለእርማት እጃችን ገብቶ ነበር። ከገጾቹ በአንዱ ላይ «የተረጋጋ ፍሰት ያልተረጋጋ ሊሆን ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘን። ተርጓሚው ቸልተኛ ሰው አልነበረም፤ ሥራው በጠቅላላ ሲታይ ጥንቃቄ ያልጎደለው፣ አማርኛውም የጠራ ነው። ስሕተቱ የመጣው በዋናው ጽሑፍ «ስቴዲ» እና «ስቴብል» የተባሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ የአማርኛ ቃል በመመለሱ ነው። በዚህም ምክንያት በእንግሊዝኛው ቁም ነገር የነበረው አባባል በአማርኛው ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ሆኖ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ዓረፍተ ነገር የተነሣ ነው። የፍሰት ሳይንስ ከሚገለገልባቸው ቃላት መካከል በተለይ ሁለቱን፣ ይኸውም «ኢንስታቢሊቲ» እና «ሾክ ዌቭ» የተባሉትን፣ በአማርኛ ምን ብንላቸው ይሻላል የሚለውን እንመረምራለን። ለምርመራው የረዳን በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ የሐሳቦቹን ልዩነት እንይ። አንድ ሰው በወንዝ ዳር ቆሞ፣ ከውኃው ላይ አንዲት ነጥብ መርጦ ቢመለከትና በዚያች ነጥብ የውኃው ፍጥነት ከሰዓት ሰዓት ባይለወጥ፣ ፍሰቱ «ስቴዲ» ይባላል። ቃሉ የሚገልጸው አሁን የሚታየውን ሁኔታ ብቻ ነው። «ስቴብል» ግን ገና ስላልሆነው ነገር ይናገራል። ፍሰቱን ጥቂት ብንነካው ንክኪው እየሞተ ይሄዳል ወይስ እያደገ? የሚሞት ከሆነ ፍሰቱ «ስቴብል» ነው፤ የሚያድግ ከሆነ አይደለም። እንግዲህ ለጊዜው አንዳች ለውጥ የማይታይበት፣ ነገር ግን ጥቂት ቢነኩት መልኩን የሚለውጥ ፍሰት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። የጠፋው ቁም ነገር ይህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1883 ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለው የማንቸስተር ሊቅ በመስታወት ቧንቧ ውስጥ ውኃ እያስኬደ በመካከሉ ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ፍጥነቱ አነስተኛ ሲሆን ክሩ ሳይበጠስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ይርገበገብና ወዲያው ከውኃው ጋር ይደባለቃል። በሊቁ ስም የሚጠራው ቁጥር 2,000 ገደማ ሲደርስ ይህ ለውጥ ሊጀምር ይችላል። ይሁን እንጂ ውኃው አስቀድሞ ጸጥ እንዲል ከተተወና የቧንቧው አፍ ከተስተካከለ ቁጥሩ ከ10,000 በላይ እስኪሆን ድረስ ክሩ ሳይበጠስ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው የንክኪው መጠን ነው። ከመደባለቁ በኋላ ለሚታየው ሁኔታ፣ ማለትም ለ«ተርቡለንስ»፣ «ሁከት» የሚለው ቃል በቂ ይመስለናል፤ ነገር ግን «ሁከት» ውጤቱ እንጂ መንሥኤው ስላልሆነ «ኢንስታቢሊቲ»ንም በዚሁ ስም መጥራት ሌላ መደናገር ይፈጥራል።

ተርጓሚዎቻችን «የተረጋጋ» ወደሚለው ቃል የሚያዘነብሉት ከኢኮኖሚክስና ከፖለቲካ ጽሑፍ ስለለመዱት ይመስለናል። ለገበያ ዋጋ ይስማማ ይሆናል፤ «ረጋ» የሚለው ግሥ ግን ከፍሰት ጋር አይዋደድም። የረጋ ውኃ የማይፈስ ውኃ ነው፤ የረጋ ወተትም እርጎ ነው። «የረጋ ፍሰት» የሚለውን የሰማ የባላገር ሰው «የተቀመጠ ሩጫ» እንደ ተባለ ያህል ቢገረም አይፈረድበትም። ስለሆነም ለመጀመሪያው ሐሳብ «የማይለዋወጥ» እና «ተለዋዋጭ» የሚሉትን፣ ለሁለተኛው ደግሞ «ጽኑ» እና «ኢጽኑ» የሚሉትን እንመርጣለን። «ጽኑ» በ«ጽኑ ሕመም» እና በ«ጽኑ እስራት» ውስጥ ከባድ ማለት ሆኗል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሆኖም «ጸና» የሚለው ግሥ ተፈትኖ መቆምን ይናገራልና ለዚህ ሐሳብ የተመቸ ነው፤ ሳይነኩት ጽናቱ የሚታወቅ ነገር የለም። «ኢ» የሚለው አፍራሽ ቅጥያም በ«ኢሰብአዊ» እና በ«ኢመደበኛ» ከተለመደ ቆይቷል። የፈረሰው ዓረፍተ ነገር በዚህ መሠረት «የማይለዋወጥ ፍሰት ኢጽኑ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ይስተካከላል።

ሐሳቡን ለተማሪ ለማስረዳት ደግሞ ከቢቸና ማሳ የተሻለ ሰሌዳ አላገኘንም። አገሩ ጤፍ አብቃይ ነው። ገበሬው የክረምቱ ዝናብ ዘሩን እንዳያጥብበት በማሳው ላይ ሰያፍ ትልም ያወጣል፤ ይህም «ፈሰስ» ይባላል። (የመሥሪያ ቤት አማርኛ ይህንኑ ቃል ገንዘብን ወደ ግምጃ ቤት ለማስገባት ወስዶታል፤ ከማሳው መቅረቱ ግን አይደለም።) ፈሰሱ በልክ ከወጣ ውኃውን ያለ ጉዳት ያወርዳል። ቁልቁለቱ ከልክ ካለፈ ግን አንዲት ጣት የምታህል ጎድጓዳ ውኃ ትስባለች፤ የሳበችው ውኃ የበለጠ ይቦረቡራታል፤ የበለጠ በተቦረቦረች ቁጥር የበለጠ ውኃ ትስባለች፤ ከጥቂት ክረምት በኋላም ከብት የማይሻገረው ቦረቦር ትሆናለች። እዚህ ላይ የሚለወጠው አፈሩ ጭምር ስለሆነ ምሳሌው ከቧንቧው ጋር አንድ አይደለም፤ ትንሹ ንክኪ ራሱን የሚያሳድግበትን አካሄድ ግን በትክክል ያሳያል።

አሁን ወደ «ሾክ ዌቭ» እንለፍ። ይህ ቃል አልፎ አልፎ «የድንጋጤ ሞገድ» ተብሎ ሲተረጎም ይታያል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ወደ ድንጋጤ ከመዞሩ በፊት የጦረኞችን መጋጨት ያመለክት ነበር። ጀርመኖች «ሽቶስ»፣ ዐረቦች «ሰድማ» ሲሉም የያዙት የመግፋትን ወይም የመጋጨትን ሐሳብ ነው። በእንግሊዝኛ ሐኪሙ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና የፊዚክስ ምሁሩ አንድ ቃል ቢጋሩ እኛን አያስገድደንም፤ በአማርኛ ኤሌክትሪክ ይነዝራል እንጂ አያስደነግጥም። ሳይንሱ የሚናገረውም ስለ ሰው ስሜት አይደለም። ግፊት፣ እፍጋትና ፍጥነት ቀስ በቀስ መለወጣቸው ቀርቶ በአንድ እጅግ ቀጭን ወሰን ላይ በድንገት የሚለወጡበት፣ ወሰኑም ራሱ የሚጓዝበት ሁኔታ ነው። በርንሐርት ሪማን እ.ኤ.አ. በ1860 ይህን በስሌት አሳየ፤ ኤርንስት ማኽና ፔተር ዛልኸር ደግሞ በ1887 ይፋ ባደረጉት ሥራ በጥይት ፊት ያለውን ወሰን በፎቶግራፍ አስቀርተውት ታየ።

ቢቸናና ሞጣ የሚረዱን እዚህ ላይ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተራራ የሚነሡት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞች በአጭር ርቀት ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ የሸለቆው ወለል በደጀን በኩል 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቡ ክረምት በመጣ ቁጥር እነዚህን ወንዞች መሻገር ግድ ስለሆነበት የውኃውን ጠባይ በስም ለይቶ ያውቃል። «ወንዙ ሞላ» ሲባል ውኃው ከፍ ከፍ እያለ መጥቶ ዳርቻውን ያዘ ማለት ነው፤ «ደራሽ መጣ» ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው። ከሞጣ በታች ዓባይ የሚሻገርበት ሰባራ ድልድይ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ ሲሆን በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ቢጋጠምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። ይህን የወሰደው የዓባይ ሙላት ነው። በቢቸና በኩል ባሉት ገባሮች ላይ ከገበያ ተመላሹን የሚወስደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደራሽ ነው። ሰውየው ሲገባ ውኃው ከቁርጭምጭሚቱ አያልፍም፤ በላዩ ያለው ሰማይም ጥርት ያለ ነው፤ ዝናቡ የዘነበው ከላይ፣ እርሱ በማያየው ተራራ ላይ ነው። ከዚያም ግንድና ድንጋይ የሚያንከባልል የውኃ ግንብ ብቅ ይላል።

ደራሽ እንዲህ ግንብ መስሎ የሚመጣበት ምክንያት ሾክ ዌቭ ከሚፈጠርበት ምክንያት ጋር አንድ ነው። ረዥም ሞገድ በውኃ ላይ የሚጓዝበት ፍጥነት በጥልቀቱ ይወሰናል። ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሞገዱ በሴኮንድ 1.6 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 1 ሜትር ሲሆን 3.1 ሜትር ይሆናል። ጥልቁ ውኃ ራሱም ይበልጥ ፈጥኖ ስለሚፈስ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ከኋላ የሚመጣው ጥልቅ ውኃ ከፊት ያለውን ስስ ውኃ ይደርስበታል፤ ሊያልፈው ስለማይችልም በላዩ ይከመራል፤ ተዳፋት የነበረው የሞገዱ ፊት እየቆመ ሄዶ ገደል ይሆናል። በአየርም እንዲሁ ነው። የታመቀ አየር ይሞቃል፤ በሞቀ አየር ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል፤ የኋላው የፊተኛውን ይደርስበታል። በጠንካራ ሾክ ዌቭ ላይ የወሰኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ ያነሰ እስከ መሆን ይደርሳል።

አንባቢው «ደረሰ» የሚለውን ግሥ በሁለት ትርጉም እንደ ተጠቀምንበት ሳያስተውል አይቀርም። አንዱ «ካለበት መጣ» ነው፤ ሁለተኛው «ደረሰበት» በሚለው ውስጥ ያለው፣ ከኋላ ተነሥቶ መያዝ ነው። የአገሬው ሰው «ደራሽ» ሲል የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን እንዳላሰበ እናምናለን፤ ቃሉ ግን የሁለቱም ማደሪያ ነው። በመሆኑም ለ«ሾክ ዌቭ» «ደራሽ ሞገድ» የሚለውን እናቀርባለን። (በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናክል። «ደረሰ» በግእዙ መንገድ «ደራሲ»፣ በአማርኛው መንገድ «ደራሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት ሰጥቶናል፤ ሥሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው። በዚሁ አርአያ «ፈሰሰ» ከሚለው «ፈሳሽ»ን ለውኃና ለዘይት ብቻ ትተን፣ አየርንም ለሚጨምረው ለ«ፍሉድ» «ፈሳሲ» ብንል ነፋስን «ፈሳሽ» ከማለት እንድናለን።)

ስያሜው እንከን የለሽ አይደለም። «ደራሽ» በችግር ጊዜ የሚረዳ ሰው ማለትም ነው፤ «ደራሽ አጣ» ይባላል። ይህ ከ«ሞገድ» ጋር ሲጣመር የሚያሳስት አይመስለንም። የሚከብደው ሌላው ነው። በግድብ ማስተንፈሻ ግርጌ በፍጥነት የሚወርደው ስስ ውኃ በድንገት ወፍሮና ዘግይቶ አረፋ የሚደፍቅበት ቦታ አለ፤ መሐንዲሶች «ሃይድሮሊክ ጃምፕ» ይሉታል። በተገለበጠ ትሪ ላይ ከማንቆርቆሪያ ውኃ ብናወርድም በዙሪያው ክብ ሆኖ ይታያል። ስሌቱ የደራሹ ስሌት ነው፤ ነገር ግን ቆሞ የሚጠብቀውን፣ ውኃው ራሱ የሚደርስበትን ነገር «ደራሽ» ማለት ለጆሮ አይጥምም። «የውኃ ዝላይ» የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ውኃው ስለማይዘል ከገበሬው ማሳ «እርከን»ን ወስደን «የውኃ እርከን» ብንል ይሻላል እንላለን። በዚህ ሙሉ በሙሉ አልረካንም።

ነገሩ ከመማሪያ መጽሐፍ አልፎ የሰው ሕይወት ይነካል። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያዎች «ቅጽበታዊ ጎርፍ» የሚል ስያሜ ይጠቀማሉ። ስያሜው በሰዋስው አይነቀፍም፤ ይሁን እንጂ ጎርፉ ፈጥኖ መምጣቱን ብቻ እንጂ ከሌላ ቦታ መምጣቱን አይናገርም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲገድል ከላይ ባሉት ተራሮች የዘነበው ዝናብ ነበር ደረቁን የአሸዋ ወንዝ ሞልቶ በተኙበት የደረሰባቸው። የአየሩም ደራሽ ከዚህ አይለይም። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያ በቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ ተወርዋሪ አለት ሲፈነዳ ብርሃኑን ያዩ ሰዎች ወደ መስኮት ሄዱ፤ ሞገዱ ከደቂቃ በላይ ቆይቶ ሲደርስ መስታወቱን ሰባበረው፤ ከ1,000 በላይ ሰዎችም ቆሰሉ። «ደራሽ» የሚለው ቃል ለሰሚው የሚነግረው ይህንኑ ነው፤ ያለህበት ቦታ ጸጥ ቢልም ሌላ ቦታ የተነሣ ነገር ወዳንተ እየመጣ ነው። ስለዚህ በማስጠንቀቂያ ጽሑፎች «ደራሽ ጎርፍ» ቢባል እንመርጣለን፤ «ሙላት»ም ቀስ በቀስ ለሚያድገው ተለይቶ ይያዝ።

የ«ሃይድሮሊክ ጃምፕ»ን ነገር ክፍት እንተወዋለን። በመስኖ ሥራ፣ በውኃ ወፍጮ ወይም በወንዝ መሻገሪያ አካባቢ የሚነገር፣ ቆሞ የሚደፍቀውን ውኃ ብቻ ለይቶ የሚጠራ ቃል የሚያውቁ አንባቢዎች ቃሉን ከሚነገርበት ወረዳ ስምና ከአንድ የአጠቃቀም ዓረፍተ ነገር ጋር ቢልኩልን ለሚቀጥለው ዝርዝር እናውለዋለን።