ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፤ ጂኦግራፊን ለልጆች ስለ ማስተማር
በብዙ ቤት ልጆች የውጭ አገሮችን ዋና ከተሞች ስም በቃላቸው ሲዘረዝሩ እንሰማለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የከተማቸው ገበያ ስለ ምን በዚያ ስፍራ እንደ ቆመ፤ ጎረቤታቸውም ስለ ምን ሌላ እህል እንደሚዘራ ብንጠይቃቸው ዝም ይላሉ። የሰውን አኗኗርና ልማድ የሚመረምረው የጂኦግራፊ ክፍል ግን ዋና ጥያቄው ይኸው ነው፤ ይኸውም ሰው በዚህ ስፍራ ስለ ምን እንዲህ ይኖራል ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ይህን ትምህርት ለመጀመር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ይበቃል እንላለን። ርዝመቱ ከ25 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው ያደረጉት ይህን ደጋ ነው። ብርዱ ለገብስ፤ ተራራውም ለጥበቃ ይስማማል። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ናት፤ በአካባቢዋም ጤፍና ማሽላ ይበቅላል። ፋብሪካ ሰፊ ሜዳና የመንገድ መገናኛ ይሻልና፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚያ መገኘቱ አያስደንቅም።

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ባቲ ይደርሳል። በሰኞ ገበያዋ ደገኛው እህሉን፤ አፋሩም ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይገናኛል። አማርኛ፤ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ቀን ይሰማሉ። አርብቶ አደር ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዞረው ሣርና ውሃ ተከትሎ መሆኑን ልጅ በዚያ ይማራል። ይህን ሳይማር ያደገ ልጅ ነገ ሹም በሆነ ጊዜ በማያውቀው ሕዝብ ላይ ይፈርዳል፤ ከዚህ የሚከተለውን ጉዳት አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ይኸው የምሥራቅ መንገድ እስከ አሰብ ወደብ ይዘልቃል። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን በአሰብ ይገባ የነበረው የአገራችን ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለአሰብ መንገደኛ እንጀራና አልጋ እያቀረበ ይተዳደር የነበረ ቤተ ሰብ የድንበሩን ነገር በሌማቱ ላይ አየው።

እንግዲህ በሚመጣው የገበያ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጨው ከየት መጣ? ጨርቁንስ ማን ሠራው? በየትስ በኩል ገባ? ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱንም ራሳቸው ይፈልጉት። የደጃፉን መንገድ መነሻና መድረሻ ያወቀ ልጅ የዓለምን ካርታ በገለጠ ጊዜ ከከተሞቹ ስም ጀርባ የሚኖረውን ሰው ያያል።