ወደ ሩቅ አገር ልሂድ ወይ?

ይህ መልእክት በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ብዙ አድማጮች በጽሑፍ እንዲደርሳቸው ስለጠየቁ እነሆ አቅርበንላችኋል።

ምናልባት ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ ወይም ደምቢ ዶሎ ትኖር ይሆናል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰሃል፤ ወይም ዲግሪህን ይዘህ ቤት ተቀምጠሃል። በዚህ ላይ የሰላሙ ነገር አለ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ስልክህን ከፍተህ ውጭ አገር የሄደውን ጓደኛህን ፎቶ ታያለህ። እናትህ "ምን ሆነሃል?" ስትልህ "ምንም" ትላለህ። ልብህ ግን ከቤት ከወጣ ቆይቷል።

እንዲህ መመኘት ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። አብርሃም ከአባቱ ቤት ወጥቷል (ዘፍጥረት 12)። ያዕቆብም ወጥቷል (ዘፍጥረት 28)። ታናሹም ልጅ ወጥቷል (ሉቃስ 15)። ሦስቱም መንገደኞች ናቸው፤ አወጣጣቸው ግን ለየቅል ነው። አብርሃም ተጠርቶ ወጣ። ያዕቆብ አታልሎ ሸሸ። ታናሹ ልጅ ደግሞ አባቱ በሕይወት እያለ ውርሱን ጠይቆ ሄደ። ስለዚህ "ልሂድ ወይስ ልቅር?" ከማለትህ በፊት "ማን ጠራኝ? በየት መንገድ ነው የምሄደው? ማንንስ ትቼ?" ብለህ ጠይቅ።

በምድራችን ስላለፉ ሁለት ሰዎች ልንገርህ።

የመጀመሪያው ሂካ ይባል ነበር፤ በኢሉባቦር ተወለደ። አንተ ከቤት መውጣት ትናፍቃለህ፤ እሱ ግን በልጅነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፣ እዚያም ነጻ ወጣ። የስዊድን ሚስዮናውያን አስተማሩት። በ1864 ዓ.ም. ሲጠመቅ ስሙ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ የምንለው እርሱ ነው። ስዊድን ሄዶ ተማረ። እዚያው መቅረት ይችል ነበር አይደል? እሱ ግን የወንጌልን ቃል ይዞ ወደ ወገኖቹ መመለስን ናፈቀ። በሱዳን በኩል ሞከረ፣ አልሆነለትም። በሸዋ በኩል ሞከረ፣ አሁንም ተመለሰ። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ መጨረሻው ከ20 ዓመት በላይ አለፈ።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ምን አደረገ? ተቀምጦ መንገድ ሲከፈት ብቻ አልጠበቀም። እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠራ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተረጎመ። አዲስ ኪዳን በ1885 ዓ.ም.፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1891 ዓ.ም. ታተመ። በ1896 ዓ.ም. ወለጋ ገባ፤ በቦጂ፣ ኋላም በነቀምቴ አገለገለ። ተከሰሰ፣ ለዓመታት እንዳይሰብክም ተከለከለ፤ አገሩን ግን ዳግመኛ አልተወም። በ1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ አረፈ። ወንድሜ፣ በር እስኪከፈት የምትቆይበት ጊዜ የባከነ ጊዜ እንዳይመስልህ።

ሁለተኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነው። በ1921 ዓ.ም. በቦጂ ተወለደ። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ነጻ ስትወጣ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በነጻነቱ ማግስት ትምህርት የተጠማ ልጅ ሁሉ ከገጠር ወደ ከተማ ያይ ነበር፤ ጉዲናም ቤቱን ትቶ ነቀምቴ መጣ፣ ተማረ፣ በሆስፒታሉም ሠራ። በኋላ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ድረስ ሄዶ የነገረ መለኮት ትምህርት ተማረ። ግን ተመለሰ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነ። በደርግ ዘመን ታሰረ፣ ተፈታ። ወዳጆቹ ወደ ታንዛኒያ የሚወጣበትን መንገድ ቢያዘጋጁለት መንጋውን ጥሎ መሄድን እንቢ አለ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአምልኮ ሲወጣ ታፍኖ ተገደለ። ባለቤቱ ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም 10 ዓመት ታሰሩ።

ይህን የምልህ "አንተም ቅርና ሙት" ለማለት አይደለም፤ ሕይወቱን ለማትረፍ የሚሸሽን ሰው ጌታ አይኮንነውም። ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ ወደ ግብጽ ተሰድዷል (ማቴዎስ 2)። ግን አስተውል፤ እነዚህ ሁለቱ የሄዱትም የተመለሱትም ለሌላው በረከት ለመሆን ነው።

አሁን ስለ መንገዱ በግልጽ እንነጋገር። ደላላው "አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ" ይልሃል። ደግነት ይመስላል፤ ወጥመዱ ግን እዚያ ላይ ነው። ሱዳንን አልፈህ ሊቢያ ስትገባ ዕዳህ ይሸጣል፤ አንተም አብረህ ትሸጣለህ። እየደበደቡ ለእናትህ ስልክ ይደውሉላታል። እርሷም በሬውን ትሸጣለች፣ መሬቱን ታስይዛለች፣ ዕድርተኛውን ትለምናለች። በደቡብ በኩል ያለውም መንገድ ያው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነግሯል። የእነርሱም እናቶች ስልክ ይጠብቁ ነበር።

ታዲያ ምን ላድርግ ትላለህ?

አንደኛ፣ ተደብቀህ አትሂድ። አሳብህን ለአባትህና ለእናትህ፣ ለአንድ የታመነ ሽማግሌም ተናገር። ለወላጅህ ልትነግረው የማትደፍረው መንገድ ምን ዓይነት መንገድ ነው?

ሁለተኛ፣ ከሄድክ በሕጋዊ መንገድ ሂድ። ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ውል ይፈርማል። እህቴ፣ ዕድሜሽን ጨምረሽ ፓስፖርት አታውጪ። በሐሰት የተጀመረ ጉዞ ችግር ሲመጣ መከራከሪያ ያሳጣሻል።

ሦስተኛ፣ እጅህ ባዶውን አይሁን። ግንበኝነት፣ ኤሌክትሪክ፣ ስፌት፣ ቋንቋ፣ የምትችለውን ተማር። ብትሄድ ይጠቅምሃል፤ ብትቀርም ያበላሃል።

እናንተ ወላጆች፣ "የእገሌ ልጅ ቤት ሠራ፣ አንተስ?" እያላችሁ ልጃችሁን በቃል አትግፉት። እናንተ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም፣ ወጣቱን "ጸልይ" ብላችሁ ብቻ አታሰናብቱት። አብራችሁት ጸልዩ፤ ሥራም አብራችሁ ፈልጉለት። ተመልሶ የመጣውንም አታሳፍሩት። በሉቃስ 15 አባትየው ልጁን ገና በሩቅ አይቶ ሮጠ እንጂ የሒሳብ መዝገብ ይዞ በር ላይ አልቆመም።

በመጨረሻ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ልብህን ከቤት የሚያወጣው ረሃብ ሁሉ የእንጀራ ረሃብ አይደለም። ዱባይ ሄደው ያልጠገቡ፣ አሜሪካ ገብተው እንቅልፍ ያጡ ብዙ ናቸው። ነፍስህ የምትፈልገው ቤት የአብ ቤት ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድም ጌታ ኢየሱስ ነው። እዚህ መንገድ ላይ ደላላ የለም፤ ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ዛሬ ማታ ስልክህን ከመክፈትህ በፊት ተንበርከክና እንዲህ በል፦

"ጌታ ሆይ፣ ልቤ ርቆ ሄዷል፤ መልሰኝ። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ፣ የአንተ አድርገኝ። ብትልከኝ አብረኸኝ ውጣ፤ ብታስቀረኝ እዚሁ ተጠቀምብኝ። አሜን።"

ይህን ጸሎት ከልብህ ከጸለይህ በአቅራቢያህ ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ንገራቸው። ይህንንም ጽሑፍ አንብበህ ስትጨርስ ለመሄድ ለተነሣ ጓደኛህ ስጠው። ጌታ ይባርክህ።