ኬቺካን፤ በዝናምና በእንግዳ የምትኖር የወደብ ከተማ

ስለ ባሕር ወደብ ሲወራ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሣለው ፀሐይ ያጋለው አሸዋ፤ ወበቅና ጥላ የሌለው ሜዳ ነው። ዛሬ የምናስጎበኛችሁ ወደብ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በዚያ ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ያካፋል፤ ተራራው እስከ ባሕሩ ጠርዝ ድረስ በጥቅጥቅ ደን ተሸፍኗል፤ ቤቶቹም ደልዳላ መሬት ስላጡ ግማሾቹ በገደል ላይ ተንጠልጥለው፤ ግማሾቹ ደግሞ በውሃ ውስጥ በተተከሉ ግንዶች ላይ ቆመው ይታያሉ።

ይህች ከተማ ኬቺካን ትባላለች። የምትገኘውም የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ክፍል በሆነችው በአላስካ ደቡባዊ ምሥራቅ ጫፍ ነው። ስለ እርስዋ ለመናገር የፈለግንበት ምክንያት የመልክዐ ምድርዋ ውበት ብቻ አይደለም። አንዲት ትንሽ ከተማ በየዘመኑ በአንድ ሀብት ብቻ ተደግፋ ስትኖር ምን እንደሚደርስባት፤ ከሕዝብ እጅ በግፍ የወጣ ቅርስም ከብዙ ዘመን በኋላ እንዴት ወደ ባለቤቱ ሊመለስ እንደሚችል ታሪክዋ በግልጽ ስለሚያስተምር ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኬቺካን የቆመችው ሬቪያሂሄዶ በምትባል ደሴት ዳርቻ ላይ ነው። ደሴቲቱ ይህን ስም ያገኘችው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሜክሲኮን በእስፓኝ ንጉሥ ስም ያስተዳድር ከነበረው እንደራሴ ነው። ከሲያትል ከተማ ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከሌላው ምድር ጋር የሚያገናኛት አውራ ጎዳና ስለሌለ፤ መድረስ የሚቻለው በመርከብ ወይም በአይሮፕላን ብቻ ነው። የአይሮፕላን ማረፊያውም ቢሆን ጠባብ የባሕር ሰርጥ ተሻግሮ በሌላ ደሴት ላይ የተሠራ በመሆኑ፤ ተሳፋሪው ከአይሮፕላን ከወረደ በኋላ እንደገና በጀልባ ይሻገራል። በዚህ ሰርጥ ላይ ድልድይ ለመሥራት ታስቦ ነበር። ነገር ግን ታላላቅ መርከቦች ከሥሩ እንዲያልፉ እጅግ ከፍ ብሎ መሠራት ስላስፈለገው ወጪው ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሆነ። ይህን ያህል ገንዘብ ለጥቂት ሺህ ሰዎች ማውጣት ይገባል ወይስ አይገባም በሚል በመላ አገሪቱ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ፤ በ2007 ዕቅዱ ተሰረዘ። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የከተማይቱ ነዋሪዎች 8,192 ነበሩ።

የዝናሙን ነገር ስናነሣ፤ በኬቺካን በዓመት በአማካይ ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ዝናም ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው ርጥብ አየር ወደ ምሥራቅ ሲነፍስ፤ በባሕሩ ዳር እንደ ግንብ የተሰለፉትን ተራሮች ያገኛል። ማለፊያ አጥቶ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየርም የተሸከመውን እንፋሎት ሁሉ ለመያዝ ስለማይችል ዝናም አድርጎ ያወርደዋል። ከዚህም በቀር ለብ ያለ የባሕር ጅረት ዳርቻውን እየታከከ ስለሚያልፍ፤ አገሩ ወደ ሰሜን የራቀ ቢሆንም የብርዱ ወራት እንደሚገመተው የበረታ አይደለም።

ከዝናሙና ከለዘብተኛው አየር የተነሣ በዚያ ዳርቻ ዝናማዊ ደን በቅሏል። ዝናማዊ ደን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የኮንጎን ወይም የአማዞንን ሞቃት ደን ብቻ ነው፤ ይህ ግን የቀዝቃዛ አገር ዝናማዊ ደን ነው። ቶንጋስ የተባለው ይህ የመንግሥት ደን በ1907 በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመን የተከለለ ሲሆን፤ ስፋቱ 6.8 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው። በአሜሪካ ካሉት የመንግሥት ደኖች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ሄምሎክና ስፕሩስ የተባሉት ረጃጅም ዛፎች፤ ቀይ ዝግባም በውስጡ ይገኛሉ። መሬቱ በሽበት የተሸፈነ ሳይሆን አይቀርም እስከሚባል ድረስ ድንጋዩም፤ የወደቀው ግንድም፤ ቅርንጫፉም ሁሉ ሽበት መሰል ልምላሜ ለብሶ ይታያል።

ደኑንና ባሕሩን የሚያገናኘው ሳልሞን የተባለው ዓሣ ነው። ሳልሞን በደኑ ውስጥ በሚፈሱት ንጹሕ ወንዞች ይፈለፈላል፤ ከዚያም ወደ ውቅያኖስ ወርዶ ካደገ በኋላ የተወለደበትን ወንዝ በሽታው ለይቶ ይመለሳል። ፏፏቴውን እየዘለለ ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ይሞታል። ሬሳውን ድብና ንስር ጎትተው በየዛፉ ሥር ስለሚበሉት፤ ከባሕር የመጣው ሀብት ለደኑ ማዳበሪያ ይሆናል። ዛፉም በበኩሉ ወንዙን በጥላው ያቀዘቅዝለታል፤ አፈሩንም በሥሩ ይይዝለታል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይጎዳል ማለት ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ አሁን ወደ ሕዝቡ እንመለስ። የዚህ ዳርቻ ጥንታውያን ነዋሪዎች ትሊንጊት፤ ሃይዳና ጺምሺያን የተባሉት ሕዝቦች ናቸው። ዓሣው ሳይቸግራቸው ስለኖሩ፤ እርሻ ሳያርሱ ታላላቅ የእንጨት ቤቶችን የሚሠሩ፤ የማዕርግና የዘር ሥርዐታቸውን በጥንቃቄ የሚጠብቁ ሕዝቦች ለመሆን በቅተዋል። ቀይ ዝግባ ቀጥ ብሎ የሚሰነጠቅና ቶሎ የማይበሰብስ እንጨት በመሆኑ፤ ቤታቸውንም፤ ጀልባቸውንም፤ በዓለም የታወቁበትን የተቀረጸ ምሰሶም የሚሠሩት ከእርሱ ነው።

እነዚህን ምሰሶዎች ቀድሞ የመጡ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ጣዖት መስለዋቸው ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በምሰሶው ላይ የሚታዩት ቁራ፤ ንስር፤ ድብና ዓሣ ነባሪ የየቤተ ሰቡ የዘር ምልክቶች ናቸው። አንዳንዱ ምሰሶ ለሞተ ሰው መታሰቢያ፤ አንዳንዱ የዘር ታሪክ መዝገብ፤ አንዳንዱ ደግሞ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው የሚወቀስበት የኀፍረት ምሰሶ ነው። ፊደል በሌለበት ዘመን እንጨቱ እንደ መጽሐፍ ሆኖ ያገለግል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ኀፍረት ምሰሶ የሚነገረው አንድ ታሪክ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። አላስካ በ1867 በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ከሩሲያ ስትገዛ ውሉን የተዋዋለው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ሴዋርድ፤ በ1869 አገሩን ለማየት በሄደ ጊዜ የትሊንጊት ባላባት ታላቅ ግብዣ አድርጎለት፤ ብዙ ስጦታም ሰጥቶት ነበር። በሕዝቡ ሥርዐት ግብዣ የተቀበለ ሰው ውለታውን መመለስ አለበት። ሴዋርድ ግን ስላልመለሰ፤ ምስሉ ጆሮውና አፍንጫው ቀይ ተቀብቶ በምሰሶ ጫፍ ላይ ተቀረጸ ይባላል። የዚህ ምሰሶ ምትክ ከኬቺካን አጠገብ በምትገኘው በሳክስማን መንደር እንደገና ተቀርጾ በ2017 ቆሟል። ትልቅ አገር በሰነድ የገዛውን መሬት፤ የመሬቱ ባለቤቶች ባልተከፈለ የግብዣ ዕዳ መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል ማለት ነው።

በ1899 የደረሰው ግን ከዚህ ይብስ ነበር። በዚያ ዓመት ከሲያትል የመጡ ነጋዴዎች ቶንጋስ ከተባለው መንደር ሰዎቹ ዓሣ ለማጥመድ በሄዱበት ጊዜ ለአንዲት ሴት መታሰቢያ የቆመውን ምሰሶ ቆርጠው በመርከብ ጭነው ወሰዱ፤ በከተማቸውም አደባባይ አቆሙት። ኋላ ለዚህ ሥራ የተከፈለው 500 ዶላር ብቻ ነበር። ምሰሶው በ1938 በእሳት ሲጎዳ ምትኩን የቀረጹት የዚያው የትሊንጊት ሕዝብ ጠራቢዎች ናቸው። በዚያው በ1899 ኤድዋርድ ሃሪማን የተባለው የምድር ባቡር ባለጸጋ ያሰማራው የምርምር ጉዞ፤ ኬፕ ፎክስ በተባለው መንደር ሰው ስላላገኘ የተተወ ቦታ ነው ብሎ ምሰሶዎችንና ሌላውን ቅርስ አንሥቶ ለየሙዚየሙ አከፋፈለ። የመንደሩ ሰዎች ግን ወደ ሳክስማን ተዛውረው ነበር እንጂ ቅርሳቸውን አልጣሉም።

የአክሱም ሐውልት ከሮማ ሲመለስ ያየ ሰው ቀጥሎ የምንነግረው ነገር አይጠፋውም። ከ102 ዓመት በኋላ፤ በ2001 ሙዚየሞቹ የኬፕ ፎክስን ቅርስ ለባለቤቶቹ መለሱ። የሳክስማን ሰዎችም ቂም በመያዝ ፈንታ ለሙዚየሞች የቀይ ዝግባ ግንድ በስጦታ ሰጡ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ሙዚየም ዛሬ የሚታየው ምሰሶ በዚህ ስጦታ ግንድ ላይ ናታን ጃክሰን የተባለው የትሊንጊት ዕውቅ ጠራቢ የቀረጸው ነው። የተሰረቀው ወደ ቤቱ ሲመለስ፤ በፈቃድ የተሰጠው በቦታው ተተካ። ውለታን ባለመመለስ ሚኒስትርን የወቀሰ ሕዝብ፤ ውለታ መመለስ ምን ማለት እንደ ሆነ በዚህ ሥራው አሳየ።

የከተማይቱ የኑሮ ታሪክ ደግሞ በሦስት ዘመን ይከፈላል። የመጀመሪያው የሳልሞን ዘመን ነው። በ1880ዎቹ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ በዚያ ተቋቋመ፤ በ1900ም ቦታው በሕግ ከተማ ተባለ። ፋብሪካዎቹ እየበዙ ሄደው ከተማይቱ የዓለም የሳልሞን ዋና ከተማ ነኝ እስከ ማለት ደረሰች። በወንዙ ላይ በግንድ በቆመው ክሪክ በተባለው መንገድ ላይም የሴተኛ አዳሪዎች ቤቶች እስከ 1950ዎቹ ድረስ ነበሩ፤ ዛሬ ቤቶቹ ሱቅና ሙዚየም ሆነዋል። ነገር ግን ከሩቅ ከተማ የሚታዘዙት ኩባንያዎች በወንዝ አፍ ላይ በሚዘረጉት ታላላቅ ወጥመድ ዓሣውን እየጠራረጉ ስለወሰዱት፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሀብቱ እጅግ ተመናመነ። የአላስካ ሕዝብ በ1956 ሕገ መንግሥቱን ሲያጸድቅ ወጥመዱ እንዲቀር አብሮ ድምፅ መስጠቱ ምሬቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ያስረዳል።

ሁለተኛው የእንጨት ዘመን ነው። ለ50 ዓመት በተደረገ የደን ውል መሠረት በ1954 ዋርድ ኮቭ በተባለው ሰላጤ የወረቀት ጥሬ ዕቃ የሚያወጣ ትልቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ብዙ ቤተ ሰብ በእርሱ ደመወዝ ልጆቹን አሳደገ። ነገር ግን የቆዩት ዛፎች ተጨፈጨፉ፤ የሰላጤውም ውሃ ተበከለ። ውሉ ሳያልቅ ፋብሪካው በ1997 ሲዘጋ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያለ ሥራ ቀሩ።

ሦስተኛው ዛሬ ያለው የእንግዳ ዘመን ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ እንደ ተንሳፋፊ ሆቴል ያሉ መርከቦች በየቀኑ ይመጣሉ። በ2023 አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል መንገደኞች ወርደዋል። አንዳንድ ቀን ከመርከቦቹ የሚወርደው ሰው ከነዋሪው ይበልጣል። እንግዶቹ ምሰሶዎቹን ይጎበኛሉ፤ በውሃ ላይ በሚያርፉ አይሮፕላኖችም ተሳፍረው በ1978 ወደ ተከለለው ሚስቲ ፊዮርድስ ይሄዳሉ። በዚያ በረዶ ግግር የፈለፈላቸው ጥልቅ ሸለቆዎች በባሕር ተሞልተው፤ ገደሎቹ እስከ 900 ሜትር ድረስ ከውሃው በላይ ቀጥ ብለው በጉም መካከል ቆመዋል። ማታ መርከቦቹ ሲሄዱ ከተማይቱ ዝም ትላለች፤ ጥቅምት ሲያልፍም ብዙዎቹ ሱቆች እስከሚመጣው ዓመት ይዘጋሉ።

የሚያስገርመው ነገር፤ በ2021 አዲስ የመርከብ መቆሚያ የተከፈተው ያ ፋብሪካ በነበረበት በዋርድ ኮቭ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በ2020 ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ታላላቆቹ መርከቦች አንድም ሳይመጡ ቀርተው፤ ከተማይቱ በእንግዳ ብቻ መኖር ምን እንደሚመስል ተረድታለች። የአላስካ ርእሰ ከተማ ጁኖ ከ2024 ጀምሮ በቀን የሚመጡት ታላላቅ መርከቦች ከአምስት እንዳይበልጡ ከኩባንያዎች ጋር ተስማምታለች። በዚያው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ መርከብ እንዳይመጣ የቀረበውን ሐሳብ ግን ሕዝቡ በድምፅ አልተቀበለውም። ክርክሩ ገና አላለቀም።

ተፈጥሮም ቢሆን የራሷን ማስታወቂያ አውጥታለች። በነሐሴ 2024 ለሐውልትም፤ ለዓሣም፤ ለእንግዳም ምክንያት የሆነው ያ ዝናም የተራራውን ጎን ንዶ በኬቺካን ቤቶች ላይ ጣለው። በዚያ ቀን የሞተው ሰው የውሃ መውረጃውን ለማስከፈት የወጣ የከተማው ሠራተኛ ነበር። መርከብ ላይ ያለ እንግዳ ዝናሙን በመስኮት ይመለከተዋል፤ የከተማ አገልጋይ ግን ወደ ዝናሙ ይወጣል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ አንድ እንጨት አይነድም ይባላል። ኬቺካን በዓሣ ብቻ፤ ቀጥሎ በእንጨት ብቻ ስትሞቅ ኖራ ሁለት ጊዜ ምድጃዋ ጠፍቶባታል። አሁን በሦስተኛው እሳት ፊት ተቀምጣለች። ከሦስቱም ዘመን ሳይለወጥ የቆየው ግን የጠራቢው መጥረቢያ ድምፅ ነው። ምሰሶ በዝናም ውስጥ ብዙ ሲቆይ ይበሰብሳል፤ የሚተካው ግን ዛፉ ካልጠፋና አባት ለልጁ ሙያውን ካስተማረ ነው። ስለ እንግዳና ስለ ቅርስ ጉዳይ በየመሥሪያ ቤታችሁ ስትመክሩ፤ ደኑን ያልጨረሰና ሙያውን ያልረሳ ሕዝብ የተወሰደበትን ለማስመለስ፤ የወደቀበትንም እንደገና ለማቆም እንደሚችል የኬቺካንን ምሰሶ አስታውሱ።